በፕሮግራሚንግ ክፍል ወደ ኋላ ስለሚቀሩ ተማሪዎች ከአንድ መምህር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በቅርብ ዓመታት ከተከፈቱት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ነኝ። ፕሮግራሚንግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚማሩ 110 ተማሪዎችና 38 የሚሠሩ ኮምፒውተሮች አሉኝ። ከትልልቅ ከተሞች የመጡ ጥቂት ወንዶች ሁሉንም ጥያቄ ይመልሳሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ከገጠር የመጡት ዝም ይላሉ፤ በሴሚስተሩ መጨረሻም ኤፍ የሚበዛው በእነሱ ላይ ነው። ዘንድሮ ደግሞ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ተመድቦልኛል። ደረጃውን ሳላወርድ ሁሉንም ለማስተማር ምን ማድረግ እችላለሁ?»

ምላሽ፦

ውድ መምህር፣

«ደረጃውን ሳላወርድ» ከሚለው ሐረግዎ ልጀምር፤ ብዙዎቻችን ይህን ጉዳይ ሳንነካው የምናልፈው እሱን በመፍራት ነውና። በእኔ እምነት የመግቢያው ኮርስ አሁን በሚሰጥበት መንገድ በአብዛኛው የሚለካው ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠበትን ሰዓት ነው። ቤተሰቡ ላፕቶፕ የገዛለት፣ በትምህርት ቤቱም የሚሠራ የአይሲቲ ላብ የነበረው ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት እጁን የሚያወጣው ነገሩን ቀድሞ ስለሚያውቀው ነው፤ በኩራዝ አጥንቶ ማትሪክን ያለፈው ልጅ ዝም የሚለው ደግሞ ስላላየው ነው። እስከዚህ ድረስ የማንም ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የሚጀምረው መምህሩ፣ የክፍል ጓደኞቹና ከሁሉም በላይ ተማሪው ራሱ ይህን የሰዓት ልዩነት የአእምሮ ልዩነት አድርገው ሲወስዱት ነው። ደረጃ መጠበቅ ማለት ለመለካት የፈለግነውን ነገር በትክክል መለካት ከሆነ፣ ነባሩ አሠራር ራሱ ደረጃውን አልጠበቀም ለማለት እደፍራለሁ።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ዩኒቨርሲቲ፣ አንዲት ተማሪ በላብ ፈተና ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከኪቦርድ ጋር ስትታገል ተመልክቻለሁ። አንድ ትልቅ ፊደል ለመጻፍ ካፕስ ሎክን ትጫናለች፣ ፊደሏን ትመታለች፣ ተመልሳ ካፕስ ሎክን ታጠፋለች፤ ሴሚኮለንን ለማግኘት ቁልፎቹን በጣቷ ረድፍ በረድፍ ትከተላለች። አጠገቧ በነበረው ወረቀት ላይ የጥያቄው መፍትሔ ከነሉፑ (ከነድግግሞሽ ትዕዛዙ) ሳይዛነፍ ተጽፎ ነበር። ፕሮግራሙ ስላልሠራ ዜሮ ሰጠኋት፤ ወረቀቱን ያነበብኩት ፈተናውን ከሰበሰብኩ በኋላ ነው፤ አንብቤውም ውጤቷን አልቀየርኩም። በቀጣዩ ሴሚስተር ዲፓርትመንት ቀይራ ሄደች። የለካሁት የጣቶቿን ፍጥነት እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ልምድን ከችሎታ ለይቶ ማየት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ የሚያሳዩ፣ በሚገባ የተመዘገቡ ሁለት ምሳሌዎች ከአሜሪካ አሉ። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1995 ኮምፒውተር ሳይንስ ሊማሩ ከገቡት ተማሪዎች ሴቶቹ 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ጄን ማርጎሊስና አለን ፊሸር ተማሪዎቹን ለዓመታት እየተመላለሱ ሲያነጋግሩ፣ ሴቶቹ ይርቁ የነበረው ትምህርቱ ከብዷቸው ብቻ እንዳልነበረ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ኮምፒውተር ሲነካኩ ያደጉ ወንዶችን አይተው «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብለው ስለሚደመድሙ ጭምር እንደነበረ ተረዱ። ዩኒቨርሲቲው የቀድሞ የፕሮግራሚንግ ልምድን ከመግቢያ መስፈርቱ አወጣ፣ መነሻቸው ለተለያየ ተማሪዎችም የተለያየ የመግቢያ ኮርስ ከፈተ፤ በ2000 የሴቶቹ ድርሻ 42 በመቶ ደረሰ። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሃርቪ መድ ኮሌጅም ከ2006 ጀምሮ የመግቢያውን ኮርስ ልምድ ላላቸውና ለሌላቸው ለይቶ፣ ጃቫ የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፓይተን በተባለው ሌላ ቋንቋ ተክቶ ሲያስተምር፣ በኮምፒውተር ሳይንስ የሴቶች ድርሻ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 በመቶ አካባቢ ወደ 40 በመቶ ገደማ አደገ። ሁለቱም ባለጸጋ ተቋማት ናቸው፤ እርስዎ የሌለዎት ብዙ ነገር አላቸው። ይሁን እንጂ ለውጡን ካመጡት ነገሮች ዋነኞቹ ከገንዘብ ይልቅ ውሳኔ የሚጠይቁ ነበሩ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ሴክሽን አከፋፈልን ይመለከታል። ብዙውን ጊዜ ሴክሽን የምንከፍለው በስም የፊደል ተራ ነው። በምትኩ በምዝገባ ሳምንት አራት ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ ይስጡና በልምድ ይክፈሉ፤ ከዚህ በፊት በኮምፒውተር ጽፈው ያውቃሉ? ፋይል ሴቭ አድርገው መልሰው ከፍተው ያውቃሉ? ፕሮግራም ጽፈው ያውቃሉ? ለጥናት የሚጠቀሙበት ላፕቶፕ አለዎት? ሁለቱም ሴክሽኖች አንድ ዓይነት የትምህርት ይዘትና አንድ ዓይነት ፋይናል ይኑራቸው፤ ልምድ የሌላቸው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ተጨማሪ የላብ ሰዓት ያግኙ፤ ኪቦርድና ፋይል አያያዝ የሚለማመዱትም ነጥብ በማይያዝበት በዚያ ሰዓት ይሁን። በስያሜው ላይ ግን እጅግ ይጠንቀቁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩና ብዙዎች በሪሚዲያል በኩል እንዲያልፉ እንደተደረገ ያስታውሳሉ። ፊትዎ ከተቀመጡት ተማሪዎች ጥቂት የማይባሉት «ጎደሎ ነህ» መባልን ቀምሰው የመጡ ናቸው፤ ሴክሽኑን «የደካሞች» የሚያስመስል ስም ያንን ቁስል ይነካል። ሴክሽን አንድና ሁለት ብሎ ማለፍ ይበቃል።

ዲፓርትመንቱ ይህን ካልፈቀደልዎት፣ በአንዱ አዳራሽ ውስጥም ብዙ ማድረግ ይቻላል። ሁሉንም ጥያቄ የሚመልሱትን ልጆች በክፍሉ ፊት አይገሥጹ፤ አንድ በአንድ ቢሮ ጠርተው ፍላጎታቸው እንዳስደሰተዎት፣ ነገር ግን ሌሎቹም ለማሰብ ጊዜ እንዲያገኙ በክፍል ውስጥ ትንሽ እንዲቆጠቡ፣ ጠለቅ ያለውን ጥያቄ ከእርስዎ ጋር ቢሮ መወያየት እንደሚችሉ ይንገሯቸው። የሃርቪ መድ መምህራን ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ እኔም ሞክሬው ቅር ያለው ተማሪ አልገጠመኝም። ከዚያ ደግሞ እጅ ማስወጣቱን ራሱን ይቀንሱ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈባቸው አራት ወረቀቶች ይስጡ፤ አምስት መስመር ኮድ ሰሌዳ ላይ ጽፈው «ይህ ምን ያትማል?» ብለው አራት አማራጭ ያቅርቡ፤ መጀመሪያ ሁሉም ለብቻው አስቦ ወረቀቱን ያንሣ፣ ቀጥሎ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከር፣ ከዚያ እንደገና ያንሣ። ዘዴውን በሃርቫርድ ፊዚክስ ያስተማረው ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ አስፋፍቶታል፤ በኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሎችም በሰፊው ይሠራበታል። የ110 ተማሪ መልስ በአንድ እይታ ይታያል፤ ዝም ያለችውም ተማሪ መልስ ሰጥታለች።

ቋንቋን የምናየው ከሚገባው በታች ነው። የማስተማሪያ ቋንቋችን እንግሊዝኛ ነው፤ በተግባር ግን ነገሩ ሲከብድ አብዛኛው መምህር ወደ አማርኛ ይሻገራል። አማርኛ አፉን ለፈታበት ተማሪ ይህ እፎይታ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ወይም በሲዳምኛ ተምሮ ለመጣው ግን ትምህርቱ በከበደበት ቦታ ላይ በሩ ተዘጋበት ማለት ነው። ከዚህ የከፋው፣ ስለ ፈተና የሚሰጥ ፍንጭ ብዙ ጊዜ በአማርኛ፣ በእረፍት ሰዓት፣ በር ላይ ቆመን የምንናገረው መሆኑ ነው። አማርኛን ከክፍል አስወጡ ማለቴ አይደለም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን በአማርኛ ያብራራሁትን ሁሉ በቀላል እንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው በፈለጉት ቋንቋ እንዲያብራሩ ጊዜ እሰጣለሁ፤ የፈተና ነገር ደግሞ በጽሑፍ ካልሆነ በቃል አልናገርም።

የሙያ ቃላቱ ራሳቸው ሌላ ወጥመድ ናቸው። «ስትሪንግ» (በፕሮግራም ውስጥ ተከታታይ ፊደላት) ሲባል መዝገበ ቃላት ከፍቶ «ክር፣ ሲባጎ» የሚል ትርጉም ያገኘ፣ «ፍሎት» (የአስርዮሽ ቁጥር) ሲባል ደግሞ «መንሳፈፍ» የሚል ያገኘ ተማሪ ግራ መጋባቱን ለማንም አይናገርም። ለእሱ በስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የትኛው ቃል የፕሮግራሚንግ ቋንቋው፣ የትኛው ፕሮግራም ጸሐፊው ያወጣው ስም እንደሆነ መለየት ይቸግረዋል። እዚህ ላይ ብዙ መምህራን የማይጠቀሙበት አንድ መልካም ነገር አለ፤ ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት ቦታ) ስም ይቀበላል። በሁለተኛው ሳምንት «ዋጋ»፣ «ብዛት»፣ «ድምር» የሚሉ ቫሪያብሎች ያሉት አጭር ፕሮግራም አሳያለሁ። በእንግሊዝኛ የቀረው የፓይተን ነው፤ በግዕዝ የተጻፈው የእኛ ነው። ከዚያ ተማሪዎቹ እያንዳንዳቸው ስሞቹን በየቋንቋቸው ይቀይራሉ፤ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ቋንቋ ያላቸውም እንዲሁ። ፕሮግራሙ ሳይለወጥ ይሠራል፤ ስም ለማሽኑ ምንም ትርጉም እንደሌለው የሚገባቸው ያኔ ነው። ከዚሁ ጋር «ሰላም» የሚለውን ቃል ርዝመት እንዲቆጥሩ አደርጋለሁ፤ ፓይተን «3» ይላል፣ ሦስት ፊደል ማለቱ ነው፤ ቃሉ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የጽሑፍ ማስቀመጫ ሥርዓት ሲቀመጥ ግን 9 ባይት ይይዛል። ለምን የሚለው ጥያቄ፣ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው የዩኒኮድ መለኪያ 3.0 እትም እንዴት ቦታ እንዳገኘ ወደሚያስረዳ ጥሩ የግማሽ ሰዓት ትምህርት ይወስዳል።

የምሳሌና የአሳይመንት ምርጫም እንዲሁ ማን ቤተኛ፣ ማን እንግዳ እንደሆነ ይወስናል። ከውጭ መጻሕፍት የምንቀዳቸው የቪዲዮ ጌም፣ የቤዝቦልና የክሬዲት ካርድ ምሳሌዎች ተማሪው ኮዱን ከማሰቡ በፊት ታሪኩን እንዲፈታ ያስገድዱታል። ሁሉም እኩል የሚያውቀውን ይውሰዱ። የሰዓት አቆጣጠራችን ለሞዱሎ (የማካፈል ቀሪን ለማግኘት) ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁለትም። በ24 ሰዓት አቆጣጠር 14 ሰዓት የሆነውን ወደ እኛ አቆጣጠር ለመቀየር 6 ይቀነሳል፣ ውጤቱ ለ12 ተካፍሎ ቀሪው ይወሰዳል፤ 8 ሰዓት ይሆናል። ተማሪው ደስ ብሎት 6 ሲያስገባ ፕሮግራሙ «0 ሰዓት» ይለዋል፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መሆኑን ግን ገበሬውም ነጋዴውም ያውቃል። ስህተቱን የሚያገኘው ያለ መምህር እርዳታ፣ በራሱ ዕውቀት ነው። ጳጉሜን ደግሞ ለሁኔታ ዓረፍተ ነገር ትሆናለች፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ከሆነ 6 ቀን፣ ካልሆነ 5 ቀን። 2015 ዓ.ም. 6 እንደነበረች ያስታውሳሉና መልሳቸውን ራሳቸው ያረጋግጣሉ። ዕቁብ ለሊስትና ለዕጣ፣ የወፍጮ ቤት ወረፋ ለኪው ይሆናል።

38 ኮምፒውተር ለ110 ተማሪ ማነሱ እውነት ነው፤ ግን ሁሉም ልምምድ ኮምፒውተር አይፈልግም። ዴል ፓርሰንስና ፓትሪሺያ ሄይደን እ.ኤ.አ. በ2006 ባቀረቡት ዘዴ፣ የትክክለኛ ፕሮግራም መስመሮች ተቆራርጠውና ተደበላልቀው ለተማሪው ይሰጡታል፤ እሱ ቅደም ተከተላቸውን ያስተካክላል። እነሱ በኮምፒውተር ቢያቀርቡትም በወረቀት ቁራጭ በትክክል ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋም አይቋረጥም። ኪቦርድ የማታውቀዋ ተማሪ እዚህ ላይ ከማንም እኩል ናት፤ ያቺ ተማሪዬ ይህን ብሰጣት ኖሮ ክፍሉን ትመራ ነበር ብዬ አስባለሁ። በላብ ውስጥ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ኮምፒውተር ይሥሩ፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው እያነበበ ይመራል፣ በየ15 ደቂቃው መምህሩ አጨብጭቦ ቦታ ያቀያይራል። ማቀያየሩ ካልተጠበቀ ግን ዘዴው ጉዳት አለው፤ ልምድ ያለው ኪቦርዱን ይዞ ይቀራል፣ ሌላው ተመልካች ይሆናል። በተቻለ መጠን ልምዳቸው የሚቀራረብ ይጣመሩ። ጎበዝ የሚባለውን ተማሪ መሪ አድርጎ አምስት ተማሪ የሚያስከትለውን የ1 ለ 5 አደረጃጀት ለፕሮግራሚንግ አልመክረውም፤ ሲሠራ ያየሁት አንዱ ሲጽፍ አምስቱ ሲገለብጡ ነው።

ስለ ሴት ተማሪዎች ለብቻው የምለው አለ። በየዩኒቨርሲቲው «የሴቶች ቱቶሪያል» ይዘጋጃል፤ ዓላማው መልካም ሆኖ ሳለ ጎበዞቹ የማይመጡበት ምክንያት ምልክት ስለሚለጥፍባቸው ነው። የሒሳብ መምህሩ ኡሪ ትሪስማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ካልኩለስ ላይ የሚወድቁ ጥቁር ተማሪዎችን ሲያጠና ብዙዎቹ ትጉህ እንደሆኑ፣ ነገር ግን ለብቻቸው እንደሚያጠኑ አየ። ያዘጋጀላቸው ፕሮግራም የማካካሻ ትምህርት አልነበረም፤ ከመደበኛው የከበዱ ጥያቄዎችን በቡድን የሚሠሩበት መድረክ ነበር፤ ውጤታቸውም በእጅጉ ተሻሻለ። እርስዎም ቱቶሪያሉን «የከባድ ጥያቄዎች ሰዓት» ያድርጉት፤ ሴቶቹን በስም ይጋብዙ፣ በሩን ግን ለማንም አይዝጉ። በአማርኛ ስናስተምር ደግሞ ግሳችን ራሱ ጾታ አለው። ለአንድ ወር ያህል የራሴን ንግግር ስከታተል ፕሮግራመሩ ሁልጊዜ «ይጽፋል»፣ ተጠቃሚዋ ደግሞ «ትሳሳታለች» ስል ራሴን ያዝኩ። ለ110 ተማሪ «አሁን ኮዱን አስኪደው» ከማለት «አስኪዱት» ማለት ምንም ወጪ የለውም፤ በምሳሌ ላይም ሲስተሙን የሠራችው እሷ ትሁን።

የአርአያ ሰዎችን ስም ማርች 8 ሲደርስ በፖስተር ከመስቀል ይልቅ ሥራቸውን ትምህርት ማድረግ ይሻላል። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከሌላዋ ተመራማሪ ከጆይ ቡላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ጥናት፣ የፊት ገጽታን አይተው ጾታ የሚለዩ ሲስተሞች በነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስህተታቸው ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን፣ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ እንደሚደርስ አሳይታለች። ይህ ለመግቢያ ኮርስ የሚሆን ጥሩ አሳይመንት ነው፤ ተማሪዎች አንድ የውጤት ሰንጠረዥ ወስደው መጀመሪያ አማካይ ስህተቱን፣ ቀጥሎ በየቡድኑ ያለውን ስህተት የሚያሰላ ሉፕ ይጻፉ። አማካዩ መልካም ሆኖ ሳለ አንዱ ቡድን ምን ያህል ተጎድቶ እንደነበር ስክሪናቸው ላይ ያዩታል። ያንኑ ፕሮግራም በራስዎ የውጤት መዝገብ ላይ ያስኪዱት፤ በጾታ፣ በቀድሞ ልምድ፣ በሴክሽን። እኔ በየሴሚስተሩ አደርገዋለሁ፤ የት ቦታ እንደምጥላቸው፣ በኩዊዝ ይሁን በላብ ፈተና፣ የነገረኝ ይህ ስሌት ነው።

አሁን ወደ ዓይነ ስውሩ ተማሪ። ከሁሉ አስቀድሞ እሱን ራሱን ያነጋግሩት፤ እስካሁን እንዴት ሲማር እንደቆየ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር (በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ) በነፃ የሚገኝ፣ በሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን የተጀመረ ፕሮግራም ነው፤ ላብ ውስጥ ባሉት ኮምፒውተሮች ቢያንስ በሦስቱ ላይ ይጫኑት፣ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫም ይፈልጉ። ፓይተን ላይ ችግር የሚሆነው መስመሮች ወደ ውስጥ የሚገቡበት ባዶ ቦታ ነው፤ ዓይን በአንድ እይታ የሚለየውን ጆሮ አይሰማውም። በኤንቪዲኤ ቅንብር ውስጥ ይህን በንግግር ወይም በድምፅ ቃና እንዲያሰማ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ካልተከፈተ ተማሪው ሉፑ የት እንደሚያበቃ ሳያውቅ ይቀራል፤ የማያውቅ መምህርም «ፕሮግራሚንግ ለዓይነ ስውር አይሆንም» ብሎ ይደመድማል። ከሁሉም በላይ የሚለወጠው የእርስዎ አነጋገር ነው። ሰሌዳው ላይ እየጠቆሙ «ይህ ወደዚህ ይሄዳል» ማለትን ይተዉ፤ «በ4ኛው መስመር ላይ ያለው ድምር በ6ኛው መስመር ይታተማል» ይበሉ። ፍሎውቻርቶችን በቁጥር በተደረደሩ ዓረፍተ ነገሮች ጽፈው ከክፍሉ በፊት ይላኩለት፤ ፒዲኤፉ ስካን የተደረገ ምስል ከሆነ ስክሪን ሪደሩ አያነበውም። እኔ እንዲህ መናገር የጀመርኩት ለአንድ ተማሪ ብዬ ነበር፤ ከኋላ ተቀምጠው ሰሌዳው የማይታያቸው ሠላሳ ተማሪዎች አመሰገኑኝ።

ውጤት አሰጣጥን በአጭሩ ላንሣ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሰጡ ኩዊዞች በድጋሚ የሚወሰዱ ይሁኑ፣ የተሻለው ይያዝ፤ ዘግይቶ የተረዳም ተረድቷልና። በላብ ፈተና ላይ የሐሳቡ አካሄድ በወረቀት ተጽፎ የራሱ ነጥብ ይኑረው። ተማሪን ከተማሪ እያነጻጸሩ ግሬድ መስጠትን ለመግቢያ ኮርስ አልደግፍም፤ የልምድ ልዩነትን በቀጥታ ወደ ፊደል ይለውጠዋልና። ፋይናሉን ግን አያቅልሉት፤ ከባድ ይሁን፣ ለሁሉም አንድ ይሁን።

ይህን ሁሉ በአንድ ሴሚስተር መጀመር አይችሉም፤ እኔም አልቻልኩም። ለመጪው ሴሚስተር ሦስቱን ብቻ ቢይዙ እመርጣለሁ፤ የምዝገባ ሳምንቱን መጠይቅ፣ የሀ ለ ሐ መ ወረቀቶቹንና የየ15 ደቂቃውን መቀያየር። ለዓይነ ስውሩ ተማሪ የሚደረገው ግን ቀጠሮ አይሰጠውምና ኤንቪዲኤውን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አስጭነው፣ ከእሱ ጋር አንድ ከሰዓት በኋላ ላብ ውስጥ ተቀምጠው ይሞክሩት። መጠይቁን በወረቀት ያድርጉት፤ በኦንላይን ከላኩት መጀመሪያ ሊያገኙት የፈለጉት ተማሪ አይሞላውም።